የእንጨት የነፋስ ተርባይን ክንፎችን ሚዛን ማስያዝ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሠሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ሦስቱን ክንፎች በየተራ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ግራማቸው እኩል ሲመጣ «በቃ ተመጣጠነ» ብሎ ማማ ላይ መስቀል የብዙ ተርባይኖችን ኩሽኔታ የበላ አሠራር ነው። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ክንፎች፣ የአንዱ ክብደት ወደ ጫፉ የሌላው ወደ ግንዱ ካጋደለ ሲሽከረከሩ እኩል አይስቡም። ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሚዛን ይያዛል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ደግሞ የተስተካከለውን ሁሉ መልሶ ያፈርሰዋል።

ከታች ያሉት ቁጥሮች ባለ ሦስት ክንፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.4 ሜትር ለሚሆን ተርባይን ናቸው። ማለትም እያንዳንዱ ክንፍ ከመሃል እስከ ጫፍ 120 ሴንቲሜትር ነው። ክንፎቹ ተጠርበው አልቀዋል፣ ከሁለት የኮምፔንሳቶ ክብ መካከልም ይታሰራሉ ብለን እንነሳለን። «ግንድ» ስንል መሃል ላይ የሚታሰረውን ወፍራም ጫፍ፣ «ወፍራሙ ጠርዝ» ስንል ነፋሱን ቀድሞ የሚቆርጠውን ጎን ማለታችን ነው።

ሚዛን ሲጎድል የሚመጣው ጉልበት

አንዱ ክንፍ ጫፉ ላይ 50 ግራም ትርፍ አለው እንበል። ተርባይኑ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር ያ 50 ግራም ማማውን ወደ 6 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይጎትታል። የሚጎትትበት አቅጣጫም በሰከንድ 5 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 600 ሲደርስ ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ 24 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በለስላሳ ነፋስ ደህና የነበረው ተርባይን ነፋስ ሲበረታ ብሎን የሚያላቅቀው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚዘጋጁ ነገሮች

- እስከ 5 ኪሎ የሚመዝንና 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን። የገበያ የስፕሪንግ ሚዛን ለዚህ ሥራ አይሆንም።
- ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ መላጊያ፣ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት።
- አንድ የማዕዘን ብረት። ጠርዙ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፤ ክንፉ እሱ ላይ ይሰቀላል።
- 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን፣ ጫፉ በቶርኖ ወይም በሞላ (በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ) ሹል የተደረገ፣ ከከባድ መቆሚያ ጋር።
- 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ 5 በ5 ሴንቲ። መሃሉ ላይ በሹል ብረትና በመዶሻ ትንሽ ጉድጓድ ይመታበታል።
- እርሳስ። በጣም የሚቀለው ጎሚስታ ቤት ሄዶ ከጎማ የተነቀለ የባላንስ እርሳስ መጠየቅ ነው፤ ግራሙም አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎበታል። የመኪና ባትሪ ሰብራችሁ እርሳስ አታውጡ፤ አሲዱም አቧራውም መርዝ ነው።
- ሮንዴላዎች፣ ቪቴዎችና ስኮች።

ሚዛኑን ሳትፈትሹ አትመኑት። ባዶ ሃይላንድ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት፤ ከዚያ በትክክል 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ከ498 እስከ 502 ካሳየ ይሠራል። ከዚህ ከራቀ ባትሪውን ቀይሩና ድገሙት።

ደረጃ 1፦ ክንፎቹን አንድ አየር አስለምዱ

እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ይተፋልም፤ ክብደቱም አብሮ ይለዋወጣል። አንዱ ክንፍ ፀሐይ ላይ ውሎ ሁለተኛው ጥላ ውስጥ ከቆየ ዛሬ የምታገኙት ቁጥር ነገ አይገኝም።

1. ሦስቱን ክንፎች በአንድ ክፍል፣ በአግዳሚ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩ። ጫፋቸውን መሬት አስነክታችሁ ግድግዳ ላይ አታስደግፉ፤ ጫፉ ከሲሚንቶው እርጥበት ይስባል።
2. በየሁለት ቀኑ መዝኑ። የሦስቱም ክብደት በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከ3 ግራም በላይ ካልተለወጠ ዝግጁ ናቸው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ትቀዘቅዛለች፣ እርጥበቷም ይበልጣል። ድሬ ላይ ሠርታችሁ ሐረር ወይም ሐረማያ አካባቢ የምትተክሉ ከሆነ የመጨረሻውን ሚዛን (ደረጃ 6ን) የሚተከልበት ቦታ ወስዳችሁ አድርጉት። በተለይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይህን አትዝለሉ።

ደረጃ 2፦ ቅርጽና ማዕዘን

ማዕዘኑ የተዛባ ክንፍ በእርሳስ አይድንም። ክብደቱ ቢመጣጠን እንኳ ነፋሱ ሦስቱን እኩል ስለማይገፋ መንቀጥቀጡ ይቀራል።

1. ከመሃሉ 40፣ 80 እና 115 ሴንቲ ላይ በሦስቱም ክንፎች መስመር አስምሩ።
2. ግንዱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ እሰሩ። በየመስመሩ የወፍራሙንና የቀጭኑን ጠርዝ ከፍታ ከጠረጴዛው ለኩ።
3. የሁለቱን ከፍታ ልዩነት ከሌሎቹ ክንፎች ጋር አወዳድሩ። 10 ሴንቲ ስፋት ባለበት ቦታ 1.7 ሚሊሜትር ማለት 1 ዲግሪ ነው። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አይለፍ።
4. ውፍረትና ስፋትንም በዚያው ለኩ፤ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሚሊሜትር አይለፍ።

ትርፍ ያለውን የምታስተካክሉት ነፋስ ከሚመታው ጠፍጣፋ ፊት ሳይሆን ከጉብታው ጀርባ ነው። ጠፍጣፋው ፊት ከተነካ ማዕዘኑ አብሮ ይሄዳል። በስህተት ብዙ የተላገ ክንፍ ካለ በስቱኮ አትሙሉት፤ ስቱኮ ከእንጨት የከበደ ነው፣ ሲሽከረከርም ይረግፋል። በዚህ ፈንታ ሌሎቹን ሁለቱን ወደ እሱ አውርዱ።

ደረጃ 3፦ የሚዛን ቁጥር

እያንዳንዱ ክንፍ አንድ ቁጥር ይኖረዋል፦ ክብደቱ በግራም፣ ሲባዛ የሚዛን ነጥቡ ከተርባይኑ መሃል ባለው ርቀት በሴንቲ። እኩል መሆን ያለበት ይህ ቁጥር ነው።

1. ገና ግንዱ ሦስቱ መሃል ላይ እንዲጋጠሙ በሹል ሳይቆረጥ ከመሃሉ 60 ሴንቲ ላይ በሦስቱም በቢላ ቀጭን መስመር ቅረጹ። በኋላ የግንዱ ሹል ቢቆረጥም ርቀቱን ከዚህ መስመር ታሰላላችሁ።
2. ክንፉን መዝኑ፤ ጻፉ።
3. ክንፉን በማዕዘን ብረቱ ጠርዝ ላይ አጋድሙና ወዲያ ወዲህ እያንሸራተታችሁ ሳያጋድል የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ሁለት ጊዜ አድርጉት፣ አንዴ ከግንዱ አንዴ ከጫፉ በኩል እየገፋችሁ፤ መካከለኛውን ውሰዱ። 1 ሚሊሜትር ስህተት ቁጥሩን 160 ያህል ይለውጠዋል።
4. አባዙ።

ምሳሌ፦

- ክንፍ 1፦ 1,620 ግራም × 46.0 = 74,520
- ክንፍ 2፦ 1,580 ግራም × 47.5 = 75,050
- ክንፍ 3፦ 1,700 ግራም × 45.0 = 76,500

በጣም ቀላሉ ክንፍ 2 ነው፤ ግን በቁጥሩ ከክንፍ 1 ይበልጣል። በግራም ብቻ የሄደ ሰው እርሳሱን ክንፍ 2 ላይ ይለጥፍና ነገሩን ያብሰዋል።

አሁን ክንፍ 3 ከክንፍ 2 በ1,450 ይበልጣል። ይህን ለማውረድ ከመሃሉ 90 ሴንቲ አካባቢ 1,450 ÷ 90፣ ማለትም 16 ግራም እንጨት ከጀርባው ይላጋል። ይህ የሚሆነው ክንፉ በዚያ ቦታ ከሌሎቹ የወፈረ ከሆነ ብቻ ነው። ውፍረቱ ትክክል ሆኖ እንጨቱ በባሕርዩ ከብዶ ከሆነ አትላጉ፤ ልዩነቱን ለእርሳስ ተዉት። ዓላማው እዚህ ደረጃ ላይ ሦስቱን በ1,000 ውስጥ ማምጣት ነው። ጉጥ ያለበት ጣውላና ጉጥ የሌለበት ጣውላ ተቀላቅሎ ከተሠራ ልዩነቱ 5,000 ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ አዲስ ክንፍ መጥረብ ከእርሳስ ክምር ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ቀለምና የጠርዝ መከላከያ

1. ክንፎቹን 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ግንዱ ላይ በመሮ ምልክት አድርጉ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ከቀለሙ ሥር ይጠፋል።
2. የእያንዳንዱን የቀለም ወይም የቫርኒሽ ድርሻ በቆርቆሮ መዝናችሁ ለዩ። ለሦስቱም እኩል ግራም፣ እኩል ዙር፣ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅብ። የእንጨቱ ጭረት የሚታይባቸው ሁለቱ ጫፎች ተጨማሪ አንድ ዙር ይፈልጋሉ፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።
3. አግድማችሁ አድርቁ። ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የደረቀ ክንፍ ቀለሙ ወደ ጫፉ ይወርዳል፤ እዚያ 5 ግራም ማለት በሚዛን ቁጥሩ 600 ነው።
4. ቀለሙ ነጭ ይሁን። በድሬ ፀሐይ ጥቁር ቀለም እንጨቱን ያግለዋል፣ ያጣምመዋል።
5. አሸዋ የሚያነሳ ነፋስ ባለበት፣ ለምሳሌ በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቅራቢያ፣ ወፍራሙን ጠርዝ ከጫፉ ወደ ውስጥ 50 ሴንቲ በጠንካራ የፕላስቲክ ቴፕ ሸፍኑ። የሦስቱም ርዝመትና ስፋት እኩል ይሁን። ቴፑ የሚለጠፈው ሚዛን ከመያዙ በፊት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቀቀለ የተልባ ዘይት ከተጠቀማችሁ የነከራችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። በራሱ ይግልና እሳት ይይዛል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት።

ሲደርቅ ደረጃ 3ን ድገሙ። ከዚህ በኋላ መላጊያ አይነካም፤ የቀረው ልዩነት የሚሞላው በእርሳስ ነው።

ደረጃ 5፦ መግጠም

1. ሦስቱን ክንፎች ከኋላው ክብ ላይ አስተኙ፤ በጊዜያዊ ቪቴ ያዙ።
2. ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስቱንም ርቀት ለኩ። እያንዳንዱ 207.8 ሴንቲ መሆን አለበት፤ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ሚሊሜትር አይብለጥ። አንዱ ጫፍ ወደ ጎን ከሄደ ክንፉን በግንዱ ዙሪያ አንቀሳቅሱ እንጂ ጫፉን አትቁረጡ።
3. የፊቱን ክብ ግጠሙ። ቪቴ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳ ይበሳ፣ አለበለዚያ ግንዱ ይሰነጠቃል። በየክንፉ የቪቴው ቁጥርና ርዝመት እኩል ይሁን።
4. ጫፎቹ በአንድ ጠለል ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። አንድ ቋሚ እንጨት ጫፉ አጠገብ አቁሙና ክንፎቹን እያዞራችሁ ርቀቱን ለኩ፤ እዚህም ወሰኑ 5 ሚሊሜትር ነው። ከበለጠ ከግንዱና ከክቡ መካከል ስስ ካርቶን ሳይሆን ስስ ላሜራ አስገቡ። ካርቶን እርጥበት ሲያገኘው ይሟሽሻል።
5. ክቦቹንና ክንፎቹን የሚያጋጥም ምልክት ቅረጹ። ፈታችሁ ስትመልሱ ሁሉም ቦታው ላይ ካልገባ ሚዛኑ አዲስ ነው።

ደረጃ 6፦ በሹል ብሎን ላይ

በጣም ጊዜ የሚወስደውም፣ እውነቱን የሚናገረውም ይህ ደረጃ ነው። የገጠማችሁት ነገር በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ወደ ከበደበት ይጋደላል። ኩሽኔታ የለም፣ ግራሶ የለም፣ የሚደብቀው ነገር የለም።

1. ከኋላው ክብና ከግንዶቹ መሃል ሹሉ ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ይኑር። ጉድጓድ የተመታበትን ላሜራ በፊተኛው ክብ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ በቪቴ እሰሩ። ላሜራው 2 ሚሊሜትር ቢስት ሥራው ሁሉ ይስታል፤ መሃሉን ከክቡ ጠርዝ በአራት አቅጣጫ ለኩ።
2. መስኮትና በር ዝጉ፣ ቬንቲሌተር አጥፉ። ድሬ ላይ ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ቬንቲሌተር ክፍል ውስጥ መቆየት ይከብዳል፣ ነፋሱም ይነሳል።
3. የፊቱ ክብ ወደ ላይ ሆኖ ሹሉ ጉድጓዱ ውስጥ እንዲገባ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ወድቆ ጫፉ ከተመታ ከደረጃ 2 ትጀምራላችሁ።
4. መሣሪያውን ፈትኑ። 2 ግራም የምትመዝን ሮንዴላ በአንዱ ጫፍ ላይ አድርጉ፤ ጫፉ 2 ወይም 3 ሴንቲ መውረድ አለበት። ልኩን ጻፉት፤ ሮንዴላዋን አንሱ።
5. አንድ ቋሚ እንጨት ጫፉ አጠገብ አቁሙና ክንፎቹን በቀስታ እያዞራችሁ የሦስቱን ጫፍ ከፍታ በዚያው እንጨት ላይ ምልክት አድርጉ። ከወለሉ አትለኩ፤ ወለል ራሱ ተዳፋት ነው።
6. ዝቅ ካለው አቅጣጫ ትይዩ በተቃራኒው ሮንዴላ በስኮች እየለጠፋችሁ እስኪስተካከል ጨምሩ። ዝቅ ያለው ቦታ በሁለት ክንፎች መካከል ከሆነ ክብደቱ የሚለጠፈው በሦስተኛው ክንፍ ላይ ነው።
7. የቀረው ልዩነት የ2 ግራሟ ሮንዴላ ካወረደችው ካነሰ አቁሙ። ከዚያ በላይ መልፋት ትርፍ የለውም፤ በ600 ዙር የሚቀረው ጉልበት 1 ኪሎ ገደማ ነው።

*ካልሠራ፦* ጭራሽ አልቆም ብሎ የሚገለበጥ ከሆነ የሹሉ ነጥብ ከክብደቱ መሃል በታች ነው፤ ላሜራውን ወደ ላይ አንሱት። 2 ግራም ብታስቀምጡም የማይነቃነቅ ከሆነ ወይ ሹሉ ደንዝዟል፣ ወይ ነጥቡ በጣም ከፍ ብሏል። ከክንፉ ውፍረት አጋማሽ 1.5 ሴንቲ ገደማ ከፍ ያለ ነጥብ ጥሩ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ሌላ ቦታ የሚያጋድል ከሆነ ደግሞ አየር አለ፣ ወይ ሹሉ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይንሸራተታል።

ደረጃ 7፦ ቋሚ እርሳስ

የተለጠፈውን ሮንዴላ ከነስኮቹ መዝኑና ከመሃሉ ባለው ርቀት አባዙ። 9 ግራም 60 ሴንቲ ላይ ከሆነ 540 ነው። ይህን ወደ ግንዱ ስታመጡት፣ 18 ሴንቲ ላይ፣ 540 ÷ 18 = 30 ግራም ይሆናል። የቪቴው ክብደትም ከ30ው ውስጥ ይቆጠራል።

ለምን ጫፉ አካባቢ አይሰካም? በቪቴው ላይ የሚመጣው ጉልበት በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ልዩነቱ ቪቴው ሲለቅ ነው። በ600 ዙር 18 ሴንቲ ላይ ያለ እርሳስ በሰዓት 40 ኪሎሜትር፣ 90 ሴንቲ ላይ ያለው በሰዓት 200 ኪሎሜትር ይወረወራል። ጫፍ ላይ ምንም አትስኩ።

1. እርሳሱን ብሱት፤ ከሮንዴላ ጋር ቢያንስ በሁለት ቪቴ እሰሩት። ሙጫ ብቻውን አይበቃም።
2. እርሳሱ ክንፉ ካለበት ጠለል ብዙ ወደፊት ወይም ወደኋላ አይውጣ።
3. የቪቴውን ቀዳዳ በቫርኒሽ ዝጉ፤ ክፍት ቀዳዳ ውሃ ይጠጣል።
4. ወደ ሹሉ ብሎን መልሱትና እንደገና ፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ግራም ማስተካከያ ይፈልጋል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያ ዙር

በጀነሬተሩ ሞዞ (ክንፎቹ በሚታሰሩበት የሚዞር ክፍል) ላይ ስትገጥሙ ብሎኖቹን በተቃራኒ ተራ አጥብቁ፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ዳዶ። ክንፉን በሞዞው ኩሽኔታ ላይ እያዞሩ ሚዛን መፈለግ የሚቻለው ግራሶው በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ የግራሶ መከላከያ ጎማው ወጥቶ፣ ማግኔቱም ሳይገጠም ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ካልሆነ ኩሽኔታው ራሱ ክንፉን ይይዘዋልና የሚሰጠው መልስ አያስተማምንም።

ከጀነሬተሩ የሚወጡትን ሦስት ገመዶች እርስ በርስ አገናኝታችሁ አቁሙት፤ የምትፈቱት ሰው ሁሉ ከክንፎቹ ጎን ገለል ሲል ነው። መቆም ካለባችሁ ከፊት ወይም ከኋላ ራቅ ብላችሁ ቁሙ እንጂ ክንፉ በሚዞርበት መስመር ላይ አይደለም። የሚለቅ ነገር የሚበረው በዚያ መስመር ነው። ሐረር ጁገል (በግንቡ የታጠረው ከተማ) ውስጥም ሆነ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የቤት ግድግዳ ላይ አትትከሉት፤ ሚዛኑ ፍጹም ቢሆን እንኳ ድምፁ በግድግዳው ቤት ውስጥ ይገባል፣ ነፋሱም በሕንፃዎች መሃል የተረበሸ ነው።

ሲንቀጠቀጥ ምክንያቱን መለየት

- *ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እየባሰ የሚሄድ፣ ጅራቱን ግራ ቀኝ የሚያወዛውዝ፦* ክብደት ነው። ደረጃ 6።
- *በለስላሳ ነፋስ ጸጥ ብሎ በጠንካራ ነፋስ ብቻ የሚነሳ፦* ማዕዘን ወይም የጫፎች ጠለል ነው። ደረጃ 2 እና 5።
- *በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ ሲያልፍ የሚጠፋ፦* የማማው ነው። የሚወጥሩትን ሽቦዎች አጥብቁ ወይም አላሉ እንጂ ክንፉን አትንኩ።
- *ደህና ሲሠራ ቆይቶ በድንገት የጀመረ፦* ወዲያው አቁሙ። እርሳስ ወድቋል፣ ክንፍ ተሰንጥቋል ወይም ብሎን ላልቷል። ሳታወርዱ መልሳችሁ አትልቀቁት።
- *ከዝናብ በኋላ የጀመረ፦* አንዱ ክንፍ ውሃ ገብቶበታል። አውርዱ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ፣ የተሰነጠቀውን ቀለም ፈልጋችሁ ዝጉ፣ እንደገና መዝኑ። እርጥብ እንዳለ ለማካካስ በተቃራኒው በኩል እርሳስ ብታስሩ፣ ሲደርቅ ያ ወገን ይከብዳል።

ብሎኖቹን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ አጥብቁ፤ እንጨት ከብሎኑ ሥር ይጨመቃል። የጠርዙ ቴፕ ከአንዱ ክንፍ ከተገሸለጠ የዚያን ብቻ አትቀይሩ፤ የሦስቱንም በአንድ ቀን አንስታችሁ አዲስ ለጥፉና ደረጃ 6ን ድገሙ።